«ጀንትልማን»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ጨዋ፣ ባላባት ወይስ እንዳለ እንተወው?

ቃል አዳኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ከእንግሊዝኛ የምመልሰው ጽሑፍ ውስጥ «ጀንትልማን» የሚለው ቃል ይመላለሳል፤ ችግሩ በየቦታው የሚለው ነገር አንድ አይደለም። አንዱ የ1600ዎቹ ኑዛዜ ላይ ነው፤ ከሰውየው ስም ቀጥሎ በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ ተጽፏል። ሁለተኛው የለንደን ፓርላማ ንግግር ውስጥ «ክቡር ጀንትልማን» እየተባለ ይመጣል። ሦስተኛው «የጀንትልማን ጀንትልማን» የሚል ነው፤ ሰውየው ግን ሸሚዝ ሲተኩስና ጫማ ሲቦርሽ ነው የሚታየው። አራተኛው ሁላችንም የምናውቀው፣ ለሴት በር የሚከፍተው ዓይነት።

መዝገበ ቃላቱ «ጨዋ ሰው» ይላል። ለአራተኛው ይሄዳል፤ ለሌሎቹ ግን ያንቃል። አንድ ወዳጄ ለኑዛዜው «ባላባት» በለው አለኝ። ቃሉ ከየት ተነስቶ ነው እንዲህ የተበታተነው? ሌሎች ቋንቋዎችስ እንዴት ተወጡት?

ሥርወ ቃል

ከሥሩ ልጀምር፤ ሥሩ ከታየ ግማሹ ብዥታ ይጠራል። (የአውሮፓን ዓመታት በሙሉ በእነሱው አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በላቲን «ጌንስ» ማለት ወገን ነው፤ አንድ የዘር ስም የሚጋሩ ቤተሰቦች ማለት ነው። በጋይዮስ ጁሊየስ ቄሣር ውስጥ «ጁሊየስ» የሚለው የወገኑ ስም ነው። ከጌንስ «ጌንቲሊስ» ወጣ፤ የአንድ ወገን ሰው። ቃሉ ሲነሳ ስለ ጠባይ አንዳች አይልም፤ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነህ?» ብቻ ነው።

ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በቤተ ክርስቲያን በኩል የሄደው፣ ጌንስ በብዙ ቁጥር ሕዝቦችንም ስለሚያመለክት፣ በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ለዕብራይስጡ «ጎዪም» ዋለ። እኛ «አሕዛብ» ያልነው ነው፤ የእንግሊዝኛው «ጀንታይል» ከዚህ መጣ። በፈረንሳይ በኩል የሄደው «ዣንቲ» ሆኖ «ዘረ መልካም» ማለት ጀመረ፤ «ዣንቲዮም» ደግሞ በትውልድ መኳንንት የሆነ ሰው። እንግሊዞች በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ይህን ሲወስዱ ግማሹን ተበደሩ፣ ግማሹን ተረጎሙ፦ ዣንቲን እንዳለ አስቀርተው፣ «ኦም» (ሰው) የሚለውን በራሳቸው «ማን» ተኩት። እንግሊዝኛ ከዚያው አንድ ሥር ደጋግሞ ተበድሯል። «ጀንትል» (ገር)፣ ከላይ ያልነው «ጀንታይል»፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደገና ከፈረንሳይ የገባው «ጀንቲል» (የጨዋነት ማስመሰል የሚሸተው) እና «ጆንቲ» (ባርኔጣውን ዘንበል አድርጎ እንደሚሄድ ሰው ቀለል ያለ) ሁሉም ወንድማማች ናቸው።

ቃሉ የማዕረግ መጠሪያ የሆነው ግን በሕግ ነው። በ1413፣ በሄንሪ 5ኛ ዘመን የወጣ ሕግ፣ ክስ ሲጻፍ የተከሳሹ ስም ብቻ አይበቃም፤ ደረጃው ወይም ሙያው፣ የሚኖርበትም ስፍራ ይጻፍ አለ። ያ ከጎደለ ክሱ ሊወድቅ ይችላል። ጸሐፊዎቹ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ቅጽል መፈለግ ነበረባቸው። ናይት (የፈረሰኛ ማዕረግ ያለው) ያልሆነ፣ ኢስኳየር (ከናይት ቀጥሎ ያለው ደረጃ) ያልሆነ፣ ግን በእጁ የማያርስ፣ ከደህና ቤት የተወለደ ሰው ምን ይባል? «ጀንትልማን» ክፍተቱን ሞላ። ከሕጉ በኋላ በዚህ ቅጽል ከተመዘገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ የስታፈርዱ ሮበርት ኤርድስዊክ ነው። የተከሰሰበት ወንጀል ቤት ሰብሮ መግባት፣ ለመግደል አስቦ ማቁሰልና ሰው ማስገደል ነበር፤ ሟቹ ተንበርክኮ ነፍሱን ሲለምን ነው የተቆራረጠው። ቃሉ በዚያን ጊዜ ስለ ጠባይ እንደማያወራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ከዚያ በፊት በ1381 በገበሬዎቹ አመፅ ጊዜ ቄሱ ጆን ቦል የሰበከባት ስንኝም አለች፦ «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ያኔ ጀንትልማኑ ማን ነበር?» እዚህ «ጨዋ ሰው ማን ነበር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ስንኙን ይገድላታል። ጥያቄው ስለ ዘር ነው።

ከ1530 እስከ 1688 ደግሞ የንጉሡ የዓርማ ሹማምንት አውራጃ ላውራጃ እየዞሩ «ጀንትልማን ነኝ» የሚለውን ሁሉ ትውልዱንና ዓርማውን ይመረምሩ ነበር። ማስረጃ ያጣው «አይደለሁም» ብሎ በፊርማው እንዲክድ ይደረጋል፤ ስሙም በአደባባይ ይነገራል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ውርደት ነው።

ድርብ ትርጉም

ቃል አዳኝ፣ አራቱን በየተራ እንያቸው።

ለኑዛዜው መጀመሪያ ዓመቱን ተመልከት። በ1600ዎቹ ከሆነ ቅጽሉ ደረጃ ነው፦ ከላይ ኢስኳየር፣ ከታች ዮማን (የራሱን መሬት የሚያርስ ደህና ገበሬ) አለ። ሰነዱ በላቲን ከሆነ «ጄኔሮሱስ» ወይም ባጭሩ «ጄን.» ተብሎ ታገኘዋለህ፤ ኢስኳየሩ «አርሚጌር» ነው። ጄኔሮሱስን «ለጋስ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ስሕተት ነው፤ እሱም ከዘር ሥር የወጣ ነው፣ ለጋስነቱ ኋላ የመጣ ነው። በ1800ዎቹ ከሆነ ግን ያው ቅጽል ሱቁን ሸጦ በተቀማጭ ገንዘቡ የሚኖር ነጋዴም ሊሆን ይችላል። «ሳይሠራ በገቢው የሚኖር» ማለት ነው። እኔ በሁለቱም ዘመን «ጀንትልማን» ብዬ እንዳለ ትቼ፣ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ ላይ አንድ መስመር የግርጌ ማብራሪያ አስቀምጣለሁ። «ክቡር» እንዳትለው፤ ክቡር አክብሮት ነው፣ ይህ መዝገብ ነው።

ለፓርላማው የለንደኑን ሥርዓት ማወቅ ያሻል። አባላት በስም አይጠራሩም። የራሱን ፓርቲ ሰው «ክቡር ወዳጄ» ይለዋል፤ የተቃራኒውን «ክቡር ጀንትልማን»። ስለዚህ ቃሉ ጎራ ይለያል። ሁለቱንም «ክቡር አባል» ብለህ ካመሳሰልካቸው አንባቢው ማን ከማን ጋር እንደቆመ ይጠፋዋል። «ክቡር ወዳጄ» እና «ክቡር ተወካዩ» ብትል ልዩነቱ ይቀራል። የዋሽንግተኑ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ «የቴክሳሱ ጀንትልማን» ይላል፤ እዚያ ጎራ የለውም፣ «የቴክሳሱ ተወካይ» በቂ ነው። ሴት ከሆነች «ጀንትልውማን» ትባላለች።

ሦስተኛው ወጥመድ ነው። «የጀንትልማን ጀንትልማን» አሽከር ነው፤ የጌታውን ልብስና ገላ የሚጠብቅ የግል አሽከር። ከቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘው «ጀንትልማን አሸር» ግን እኛ ዘንድ ቁርጥ ያለ አቻ አለው፦ እልፍኝ አስከልካይ። እነዚህ የሹመት ስሞች ሲመጡ ቃሉን ለብቻው አውጥቶ መተርጎም አያስፈልግም። «የመንገድ ጀንትልማን» ሽፍታ ነው፤ «ሽማግሌው ጀንትልማን» ደግሞ በቀልድ ሰይጣን ማለት ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ላይ «ጨዋ» ይሁን። ብቻ ስለ ልብሱ ከሆነ የሚወራው «ዘናጭ» ነው እንጂ ጨዋ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ትርጉም በብዛት አያለሁ።

አንድ ልጨምር፦ «የጀንትልማኖች ስምምነት» ሲመጣ «የጨዋዎች ስምምነት» አትበል። በፊርማ ያልታሰረ፣ በቃል እምነት የቆመ ስምምነት ነው። በ1907 እና በ1908 ጃፓንና አሜሪካ ስለ ጃፓናውያን ሠራተኞች ፍልሰት የተግባቡበት በዚህ ስም ይታወቃል፤ ውል ሆኖ ለምክር ቤት አልቀረበም፣ በደብዳቤ ልውውጥ ነው ያለቀው።

ጨዋ ምንድን ነው ባዩ

ሁላችሁም «ጨዋ»ን እንደ ቀላል ቃል አለፋችሁት። ቃሉ የራሱን ረጅም መንገድ ሄዷል።

ዛሬ እንኳ ሦስት ነገር ይላል። ጠባየ ሸጋ፤ ያልተማረ («እኔ ጨዋ ነኝ፣ ፊደል አልቆጠርኩም»)፤ ካህን ያልሆነ («ካህኑም ጨዋውም»)። በድሮው አነጋገር አራተኛ አለው፦ ባሪያ ያልሆነ፣ ነጻ ሰው። «የጨዋ ልጅ» ሲባል የሚሰማው ይኸው ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ በመካከለኛው ዘመን «ጨዋ» የንጉሡ ጭፍራ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የጨዋ ጭፍሮች በየአገሩ ተመድበው፣ ከሰፈሩበት ምድር እየበሉ ድንበር ይጠብቁ ነበር።

የታሪክ አጥኚዎች ይህን የጭፍራ ስም ከግዕዙ «ፄዋ» ጋር ያያይዙታል። ፄዋ ምርኮ፣ ምርኮኛ ነው፤ «ፄወወ» ማረከ። ሐሳቡ የመጀመሪያዎቹ ጭፍሮች ከምርኮኞች የተመለመሉ ናቸው የሚል ነው። ይህ ከተያዘ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል፦ ምርኮኛ፣ ከዚያ የንጉሥ ወታደር፣ ከዚያ ምድር የያዘ ሰው፣ ከዚያ ነጻ ወገን፣ ከዚያ ጠባየ መልካም። የእንግሊዙ ቃል ከላይ ተነስቶ ወደ ሁሉም ሰው ወረደ፤ የእኛው ከታች ተነስቶ ወጣ። ማኅል ላይ ተገናኙ።

«ጨዋ የመጣው ከጨው ነው፣ ቅመም ያለው ሰው ማለት ነው» የሚል ነገር ይዞራል። በግዕዝ ጨው «ጼው» ነው፣ በጸሎቱ ጸ፤ ምርኮው «ፄዋ» ነው፣ በፀሐዩ ፀ። ጸሐፊዎች ሁለቱን ፊደል ማቀያየር ስለለመዱ ነው አንድ የሚመስሉት፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

ተርጓሚን የሚመለከተው፦ «ጨዋ» ብቻውን ሲቆም አንባቢው «ያልተማረ» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ በተለይ ዙሪያው ስለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ስለ ትምህርት ከሆነ። «ጨዋ ሰው» ወይም «የጨዋ ልጅ» ብትል ከዚህ ትድናለህ።

ላምባዲና

«ባላባት» ለሚለው ወዳጅህ እኔ ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ባላባት ሲፈታ ባለ አባት ነው፤ አባት ያለው፣ አባቱ የሚታወቅ። ከስፓኝ «ኢዳልጎ» ጋር አስተያየው፤ «ኢሆ ዴ አልጎ» ከሚለው ያጠረ ነው፣ «የአንድ ነገር ልጅ» ማለት፤ ነገሩ ሀብት ነው። የፖላንዱ «ሽላህታ» ከጀርመንኛ የዘር ቃል የመጣ ነው። ጌንስም ያው ነው። ማለት፣ በሥር ደረጃ «ባላባት» ከ«ጨዋ» ይልቅ ለ«ጀንትልማን» ይቀርባል።

ግን በሥር መተርጎም አይቻልም። ባላባት አማርኛ ውስጥ ምድርና ሰው ያለው፣ በተለይ በደቡቡ ክፍል መንግሥት ያወቀው የአገር ተወላጅ ገዢ ነው። ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል። የኑዛዜው ጀንትልማን ምናልባት ሁለት እርሻና አንድ ቤት አለው፤ በማንም ላይ ሥልጣን የለውም። ደግሞ በእንግሊዝ ሕግ ጀንትልማን ተራ ዜጋ ነው። መኳንንት የሚባሉት ዱክ፣ ማርከስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን ብቻ ናቸው። የፈረንሳዩ ዣንቲዮም ግን መኳንንት ነው፣ ያውም በትውልድ፤ ንጉሥ አንድን ነጋዴ መኳንንት ሊያደርገው ይችላል፣ ያ ሰው ግን ዣንቲዮም አይባልም፤ ምናልባት ልጅ ልጆቹ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ ራሱ የእንግሊዙን ሰው ለመጥራት የራሱን ቃል ትቶ «ጀንትልማን»ን ተበደረ፤ ሁለቱም ዛሬ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ጎን ለጎን አሉ። ልብ በል፦ የቃሉ ባለቤት መልሶ ከተበዳሪው ተበደረ። ፈረንሳይ በሰኔ 1790 የውርስ መኳንንትነትን ስትሽር የዣንቲዮም ሕጋዊ ትርጉም አበቃ፤ «ዣንቲ» ግን ቀረ፣ ዛሬ «ደግ፣ ጥሩ ልጅ» ብቻ ነው የሚለው።

ስፓኞች ለዕለት አክብሮት የሚሉት «ካባዬሮ» ከፈረስ የመጣ ነው፤ ፈረሰኛ። የሚገርመው «ካባሉስ» በላቲን የጭነት ፈረስ፣ አጋሰስ ነበር። ፖርቹጋሎች ከስፓኝ ተበድረው «ካቫልዬይሮ»ን ለጨዋው፣ የራሳቸውን «ካቫሌይሮ» ለፈረስ ጋላቢው አደረጉት። የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፤ ከፖርቹጋልኛ የሚተረጉም ተጠንቀቅ።

ኢዳልጎነት ደግሞ የወረቀት ጉዳይ ነበር። ኢዳልጎ የተባለ ግብር አይከፍልም፤ ስለዚህ መንደሩ «አይደለህም» ብሎ ግብር ሲጥልበት በቫያዶሊድ ወይም በግራናዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይከራከራል፣ አያቱ ግብር ከፍለው እንደማያውቁ ምስክር ይቆጥራል። እዚያ ጨዋነት የግብር ነጻነት ነበር።

ቃል አዳኝ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። «ባላባት»ን ትቻለሁ። አንድ ጥያቄ ተረፈኝ፦ የጃፓኑና የቻይናው ሰነድ ውስጥም «ጀንትልማን» ተብሎ ተተርጉሞ አያለሁ፤ እነሱ ዘንድ ምን ነበር?

ከምሥራቅ በኩል

ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ እንግሊዝኛው አንድ አድርጓቸዋል።

«ጁንዚ» ጥንታዊ የቻይና ቃል ነው። ሲፈታ «የጌታ ልጅ»። ኮንፊሽየስ (551–479 ከክ.ል.በ.) የትውልዱን ቃል ይዞ ለምግባር አዋለው፤ በትምህርትና በራስ ግዛት የሚደረስበት ሰው አደረገው። አውሮፓ ውስጥ ሰው ሳያስበው በመቶዎች ዓመታት የሆነውን እሱ አስቦበት ነው ያደረገው። ተቃራኒው «ሺያውረን» ነው፤ ቃል በቃል «ትንሽ ሰው»። አማርኛችን «ትንሽ ሰው» ሲል የሚለውን ያንኑ ነው የሚለው፤ ሳትጨነቅ ውሰደው። ጁንዚን ለመተርጎም «ጨዋ» ይጠብባል፤ «ምግባረ ሠናይ» ወይም «የምግባር ሰው» ይሻለዋል።

«ሸንሺ» ሌላ ነው። «ሸን» ሹመኛ ወገቡ ላይ የሚያስረው፣ ጫፉ የሚንጠለጠል መታጠቂያ ነው፤ «ሺ» ሊቅ። በቻይና የመንግሥት ፈተና አልፎ በአውራጃው የሚከበረው የተማረ ባለ ርስት ነው። ጃፓኖች ይህን «ሺንሺ» ብለው ለምዕራቡ ጀንትልማን አቻ አደረጉት፤ ዛሬ የጃፓን ትልልቅ መደብሮች የወንዶች ልብስ ያለበትን ፎቅ «ሺንሺ ፉኩ» ይሉታል። ሰነድህ የቻይና ከሆነና ጉዳዩ መሬት ወይም ፈተና ከሆነ ሸንሺ ነው፤ ግብረ ገብ ከሆነ ጁንዚ።

ከጎረቤት ደግሞ ስዋሂሊን እዩ። «ሙኡንግዋና» በባሕር ዳርቻው ነጻ ሆኖ የተወለደ፣ ባሪያ ያልሆነ ሰው ነበር፤ ዛሬ ጨዋ፣ ሥርዓት ያለው ማለት ነው። ከላይ ስለ «የጨዋ ልጅ» የተባለው ጋር ሲያያዙት እግር ለእግር ይሄዳል።

ሥርወ ቃል

ከዚያው ጋር «አቶ»ን አትርሱ። የ«አቤቶ» እጥረት ነው፤ አቤቶ የነገሥታት ዘር ወንዶች መጠሪያ ነበር። «ወይዘሮ»ም የንጉሣውያን ሴቶች ነበር። ዛሬ ቀበሌ መታወቂያ ላይ ሁላችንም አቤቶ ነን። የጀርመኑ «ሄር» እና የስፓኙ «ሴኞር» ግን ከዕድሜ ነው የተነሱት፤ ሴኞር የላቲን «ሴንዮር» ነው፣ «በዕድሜ የሚበልጥ»። የእኛን «ሽማግሌ» ያስታውሳል።

የምድብ ትርጉሙ በእንግሊዝ ለመጨረሻ ጊዜ በይፋ የታየው በክሪኬት ሜዳ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ከ1806 እስከ 1962 «ጀንትልማኖች ከተጫዋቾች» የሚባል ግጥሚያ ነበር። ጀንትልማኑ ያለ ደመወዝ የሚጫወት፣ ተጫዋቹ ተከፋይ። ውጤት ወረቀቱ ላይ የጀንትልማኑ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ከአባት ስሙ በፊት ይታተማሉ፣ የተከፋዩ በኋላ። በ1950 በሎርድስ ሜዳ አንድ ወጣት ተከፋይ ፊደላቱ በስሕተት ከፊት ታትመውለት፣ ስሕተቱ በድምፅ ማጉያ ለተመልካቹ ታረመ። በአሜሪካ ጦር ሕግ ደግሞ «ለመኮንንና ለጀንትልማን የማይገባ ተግባር» የሚለው አንቀጽ 133፣ በታኅሣሥ 2021 በወጣ ሕግ «ጀንትልማን» የሚለው ተሰርዞለት «ለመኮንን የማይገባ» ብቻ ቀርቷል። የድሮውን ሰነድ ስትተረጉም ሙሉውን፣ የአዲሱን አጭሩን።

ድርብ ትርጉም

ጣልያን አገር ላይ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ነገሩ ስለ ቃሉ ከሆነ አይቀር፦ መጸዳጃ በር ላይ «ሲኞሪ» ካለ የወንዶች ነው፤ «ሲኞሬ» ካለ የሴቶች። «ሲኞሬ» በነጠላ «አቶ» ስለሆነ ሰው ዘው ይላል። በር ላይ ግን የ«ሲኞራ» ብዙ ቁጥር ነው። ስፓኝ «ሲ» (C) ፊደል ብቻ ከተጻፈ ካባዬሮስ ነው፤ ያው ፊደል ቧንቧው ላይ ሙቅ ውኃ ነው።

ወደ ኑዛዜህ ልመለስ። እዚያው ወረቀት ላይ የሴት ልጁ ስም ቀጥሎ «ስፒንስተር» የሚል ቅጽል ልታገኝ ትችላለህ። «ቁሞ ቀር» ብለህ እንዳትተረጉመው። በዚያ ዘመን ሕጋዊ ቅጽል ነው፣ «ያላገባች» ማለት፤ የሃያ ዓመት ልጅም ትባላለች። ቃል በቃሉ ደግሞ «ፈታይ» ነው፤ ከላይ የጆን ቦል ሔዋን የያዘችው እንዝርት።